የበረኛው ፊት

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ በዛወርቅ ማንኪራ መንደር ጓሮዋ ውስጥ ቀፎ ታጥን ነበር። በአንድ እጇ ጭሱን፣ በሌላው ስልኩን ይዛ የልጇን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመችው። የክለቡ አንደኛ በረኛ ጉልበቱን ተጎድቷል፤ ሁለተኛው በቀይ ካርድ ታግዷል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አዳማ ላይ ጎል የሚጠብቀው ሌላ ማንም ሳይሆን የእሷው ኢዮሲያስ ነው።

«በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ እማዬ። ታይኛለሽ» አላት።

«እኔ ልምጣ?»

«አትምጪ። አንቺ ካለሽ እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚያው ሆነሽ እዪኝ። ግን ስሚኝ፣ በቤታችን ዲሽ አይመጣም፤ ፓኬጅ ያስፈልገዋል፤ ፓኬጁን ደግሞ…» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ማንኪራ ላይ ስልክ የሚቋረጠው ዋናው ነገር ሲጀመር ነው፤ አገሬው ለምዶታል።

ሦስተኛ በረኛ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መንገሩ አይከፋም። ሦስተኛ በረኛ ከሌሎቹ ጋር ይነሳል፣ ከሌሎቹ ጋር ይሟሟቃል፣ ለዋናው በረኛ ኳስ ይመታለታል፤ ጨዋታው ሲጀመር ጃኬቱን ደርቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደመወዝ አለው፣ ማሊያ አለው፣ ስም ግን የለውም። ኢዮሲያስ በዚህ ሥራ አራት ዓመት ቆይቷል። የመጀመሪያውን ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ በማንኪራ አጠገብ ባለችው በቦንጋ ከተማ ከባጃጅ ነጂው እስከ ቄሱ ያገኘው ሰው ሁሉ «ተሰለፍክ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። አንድም ሰው «ደህና ነህ ወይ?» አላለውም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን አነሳና «ሳልሰለፍ ዳግመኛ ቦንጋን አልረግጥም» ብሎ ሄደ። በዛወርቅ የልጅ ነገር ነው፣ ይረሳዋል ብላ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰው ባትናገርም ታውቀዋለች።

በሦስቱ ዓመት ያየችው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም በሰው ስልክ። ሃያ አምስት ወጣት አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሶ ቆሟል። «ይሄ ነው» ብለው ያሳዩዋት ልጅ ፊቱ የጤፍ ፍሬ አያህልም፤ ሌላ ልጅ ቢያሳዩዋትም ታምን ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ለእሷ የኳስ ቀን አልነበረም። የልጇን ፊት የምታይበት ቀን ነው። ቀጥሎም ተሰልፏልና ይመጣል፤ ቃሉ ቃል ነው።

«ፓኬጅ» የሚለው ቃልም አላስደነገጣትም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ማንኪራ ውስጥ ፓኬጅን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ። በጤና ፓኬጅ መጸዳጃ ቤት ቆፍራለች፣ ምድጃዋን አሻሽላለች፤ በግብርና ፓኬጅ ዘመናዊ ቀፎ ወስዳለች። በአሥራ ስድስቱም የጤና ፓኬጅ ተመርቃ «ሞዴል ቤተሰብ» የሚል ባለ ማኅተም ምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል። አሥራ ሰባተኛው የኳስ ከሆነ እሱንም መውሰድ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ፈንቅላ ወደ ቀበሌው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደች። የልማት ሠራተኛው ሔኖክ የዋጫ ከተማ ልጅ ነው፤ ዘመናዊ ቀፎውን ያመጣላት እሱ ነው።

«የኳሱን ፓኬጅ ልመዘገብ ነው የመጣሁት» አለችና ምስክር ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

ሔኖክ አልሳቀም፤ ይህ ይጻፍለት። ወረቀቱን አነበበ፣ አጣጥፎ መለሰላት፣ ወንበር ሳበላት።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ይሄኛው ፓኬጅ የመንግሥት አይደለም። የካምፓኒ ነው።»

«ኳሱ የካምፓኒ ነው?»

«ኳሱ የክለቦቹ ነው።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ካምፓኒው ምን አዋጣ?»

«ማየቱን ገዛ» አለ ሔኖክ። «ሌላ ማንም እንዳያሳይ ብዙ ከፍሎ ለብቻው ወሰደ። ማየት የፈለገ ከእሱ ይገዛል።»

በዛወርቅ ገባት። በካፋ ደን ውስጥ ዛፉ የማንም ቢመስልም ቀፎ የሚሰቀልበት ክልል ባለቤት አለው፤ ቆቦ ይሉታል፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የእሷም የሟች ባሏ የአቶ ከፈለኝ ቆቦ ነው።

«ቆቦ አደረገው በለኛ» አለች።

«እንዲያ በሉት። ልክ ነው።»

«ልክስ አይደለም። በሰው ቆቦ ገብተህ ቀፎ አትሰቅልም፣ ማር አትቆርጥም። ግን መንገደኛ ቀና ብሎ ቀፎ ቢያይ ማን ‹ክፈል› ብሎት ያውቃል?»

ሔኖክ ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ አልመጣም። ስለዚህ ወደሚያውቀው ወደ ዋጋው ሄደ። ሳህኑ ይሄን ያህል፣ ዲኮደሩ ይሄን ያህል፣ በየወሩ ደግሞ ይሄን ያህል። ርካሹ ፓኬጅ ፊልምና ዜና እንጂ ኳስ የለውም፤ ኳሱ ያለው ትልቁ ውስጥ ነው፤ ትልቁም በየዓመቱ ይጨምራል። በዛወርቅ በጣቷ እየቆጠረች ወደ ማር መለሰችው። የሁለት ወሩ ክፍያ የዓመት ማሯን ይጨርሳል። ሔኖክ ሰው በስልክ በስርቆት የሚያይበት አንድ ሊንክ አለ ብሎ ሞከረላት። የስልኩ ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ እስከ ምሳ ሰዓት ዞረች።

«ቦንጋ አሚን ጋ ይሂዱ» አላት በመጨረሻ። «እሱ ትልቁ ፓኬጅ አለው።»

በማግስቱ ዓርብ ገበያ ነበር። በዛወርቅ አንድ ባልዲ ማር አሸክማ ቦንጋ ወረደችና ማሩን ሳትሸጥ በፊት የአሚንን ኳስ ማሳያ ቤት ጠየቀች። ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር ብቻ። የአሚን አባት ከወልቂጤ መጥተው ጨርቅ የነገዱበት ሱቅ ነበር። አሁን ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «ብዙ ወንበር የያዘው ጨዋታ ይከፈታል። የተከፈለ አይመለስም። ክርክር ክልክል ነው።»

አሚን ጉዳይዋን ቆሞ ሰማ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አሳዘነችው፤ ማዘኑ ግን ምንም አልፈየደላትም።

«እትዬ፣ ነገ ዘጠኝ ተኩል ላይ አርሴናል አለ። ይኸው ጨዋታ ነው የቤቱን የወር ወጪ የሚሸፍንልኝ። አንድ ካርድ አለኝ፣ አንድ ስክሪን፤ ሁለት ቻናል በአንድ ጊዜ አይከፍትም።»

«የኛን አገር ኳስ የሚያይ የለም?»

«ባለፈው ከፍቼ ነበር። አራት ሰው ገባ፤ አንዱንም ዝናብ ነው ያስገባው።» አሚን በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በእጁ ጠረገው፣ አቧራ ባይኖረውም። «ድሮ አሥር ብር ነበር መግቢያው። ካምፓኒው ሲጨምር ሃያ አደረግሁት፣ ሲጨምር ሠላሳ፣ ለነገ ሃምሳ ነው። ሰዉ የሚሰድበው ግን እኔን ነው። ካምፓኒውን ማን ያገኘዋል? እኔ በር ላይ አለሁ።»

«ሕጉ ወንበር ነው ያለው» አለች በዛወርቅ ወደ በሩ እያየች። ማንበብ የተማረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ የተማረችውን ደግሞ አትጥልም። «ስንት ወንበር አለህ?»

«የስልሳ ሰው።»

«ስንቱን ከያዝኩ ይከፈትልኛል?»

አሚን ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ሠላሳ አንዱን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቆጥራለሁ። ግን እትዬ፣ ለራስዎ ብቻ ከሆነ በነፃ…»

«በነፃ ገብቼ የማንን ልጅ ልይ?» አለችና ማሩን ልትሸጥ ሄደች።

የዚያ ዓይነት ማር በችርቻሮ ቢሸጥ የተሻለ ያወጣ ነበር፤ እሷ ግን ጊዜ አልነበራትምና ባልዲውን እንዳለ ለአንድ ነጋዴ ለቀቀችለት። ገንዘቡ ሠላሳ አንድ ሰው ያስገባል፤ ለቅዳሜ ቡናና ዳቦም ትንሽ ይተርፋል። ለቤቷ ቆርቆሮ ያሰበችው ነበር። ቆርቆሮው ይቆይ፤ ዝናቡንም ለምዳዋለች።

የቀረው ሰዉ ነው። ማንኪራ እንደተመለሰች በቀጥታ ወደ ጋሽ ቢሻው ቤት ሄደች። ጋሽ ቢሻው የመንደሩ ደቦ ጠሪ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ኳስ ግን በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። በዛወርቅ በሰው ሁሉ ማሳ ላይ ስትቆፍር፣ ስታርም፣ ቡና ስትለቅም ኖራለች፤ ለራሷ ደቦ የጠራችው ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ለነገ ደቦ ፈልጌ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ሠላሳ ሰው።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«መቀመጥ ነው።»

ጋሽ ቢሻው ጆሯቸውን አስጠጉ። «የሚታረም የለም?»

«የለም።»

«የሚለቀም፣ የሚጎተት?»

«ምንም። ቦንጋ ወርዶ፣ አሚን ቤት ገብቶ፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ ማለት። መግቢያውን እኔ እከፍላለሁ። ምሳ እንደማብላት ቁጠሩት።»

ሽማግሌው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስነግረው ሰሙ። ሲጨርሱም «እንዲህ ያለ ደቦ ከታወጀስ ሰው ይተርፋል እንጂ አያንስም» አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለከባድ ነገር ነው፤ ለመቀመጥ ሲሆን ማንም አይቀርም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የማንኪራ ሰው ለቅዳሴ የሚለብሰውን ለብሶ፣ ዣንጥላውን ይዞ፣ አሚን ቤት ሁለቱን የፊት ረድፎችና ግማሹን ሦስተኛ ረድፍ ሞልቶ ተቀምጧል። ጎልማሳው፣ ሴቱ፣ ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ። ሰላምታ እየተለዋወጠ፣ በካፍኛ እያወጋ፣ ጥቁሩን ስክሪን በትዕግሥት ያያል። የአርሴናል ደጋፊዎች ቀይ ማሊያቸውን ለብሰው ሲደርሱ ከኋላ ተጠጋግተው ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። ሠላሳኛ የሚሆነው ወንበር አልነበረም።

የደጋፊዎቹ አውራ መምህር ፍቃዱ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል፤ የክፍል ተማሪ ሲሳሳት ከሚያዝነው ይልቅ ቡድኑ ሲሸነፍ የሚያዝነው ይበልጣል ይባላል። አሚን ቆጥሮ «ሠላሳ አንድ ለሃያ ዘጠኝ፣ የአገር ውስጡ ይከፈታል» ሲል መምህሩ ተነሳ።

«አሚን፣ እነዚህ ሰዎች ኳስ አያውቁም።»

«ከፍለዋል።»

«የከፈለችው አንዲት ሴት ናት። ይሄ የምርጫ ቦርድ ጉዳይ ነው።»

«ሕጉ ወንበር ነው የሚለው፤ ማን ከፈለ አይልም» አለ አሚን፣ ራሱም ደስ ሳይለው።

መምህር ፍቃዱ ወደ በዛወርቅ ዞረ። «እትዬ፣ ይሄ ጨዋታ የዓመቱን ዋንጫ የሚወስን ነው።»

«ይሄኛውም የእኔ ልጅ ነው፣ መምህር» አለችው። «ለእርስዎ ሌላ ዓመት አለ።»

መምህሩ ወጥቶ ሌላ ቤት ሊሄድ አሰበ፤ ሌሎቹ ቤቶች ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሞልተዋል፤ የተከፈለውም አይመለስም። ክርክሩ፣ መልሱ፣ ከኋላ የሚያጉረመርመውን ማረጋጋቱ ጊዜ ወሰደ። አሚን ቻናሉን ሲያገኘው ጨዋታው ስድስተኛ ደቂቃ ላይ ደርሷል።

«የቱ ነው ልጅዎ?» አለ መምህር ፍቃዱ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ኳስ አያውቅም ብሎ ዝም ማለት አልቻለም፣ መምህር ነውና።

«በረኛው።»

«የየትኛው?»

የክለቡን ስም ነገረችው። መምህሩ አየና «አሃ» አለ። «በመጀመሪያ ሲሰለፉ ካሜራው በእያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ያኔ ይታይ ነበር። አመለጠን።»

በዛወርቅ ነደደች። በመምህሩ፣ በአሚን፣ በበሩ ላይ ባለው ጽሑፍ፣ በሁሉም ነደደች። የሦስት ዓመት ጥበቃ በማያገባቸው ሰዎች ክርክር አለፈ። ቢሆንም ዘጠና ደቂቃ ረጅም ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ ዓይኗን ሳትነቅል ተቀመጠች።

የሆነው ግን እንዲህ ነው። የኢዮሲያስ ክለብ በጣም ጥሩ ተጫወተ። ኳሱን ያዘ፣ ገፋ፣ የሰማያዊ ለባሽ ባላጋራውን ጎል ከበበ። ካሜራውም ኳሱ ካለበት አይለይም፤ ያለው እዚያ ማዶ ነው። ከወዲህ በኩል ባዶ ሜዳ አለ፤ ከባዶው ሜዳ ጫፍ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ በስክሪኑ ጥግ የሚያልፍ ቢጫ ነጥብ አለ። ያ ነው ልጇ።

«ለምን ወዲህ አይመጡም?» አለች በሃያኛው ደቂቃ።

«እየበለጡ ነው እኮ፣ እትዬ። ጥሩ ነው» አለ መምህሩ።

«ይብለጡ። ካሜራው ወደ ልጄ የሚሄደው መቼ ነው?»

መምህር ፍቃዱ እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳ አሰበ። «በረኛ በቴሌቪዥን የሚታየው መከራ ሲመጣበት ነው» አለ። «ሰላም ከሆነ አይታይም።»

ይህን ነገር በዛወርቅ ለጎኗ ሰው በካፍኛ ነገረችው፤ እሱ ለሚቀጥለው ነገረ፤ ቃሉ በሁለቱ ረድፍ ሄዶ ጋሽ ቢሻው ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ነገሩን አመዛዘኑ። ለደቦ የተጠራ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ከተነገረው ይሠራል እንጂ አይቀመጥም። የእረፍቱ ሰዓት አልፎ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ቆባቸውን አወለቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እነዚያ ሰማያዊ የለበሱት ልጆች ወዲህ እንዲመጡ፣ እግዚአብሔር መንገዱን እንዲያቀናላቸው ለመኑ። ሠላሳው «አሜን» አለ። በዛወርቅም «አሜን» አለች፤ ከሁሉም የእሷ ጎላ ብሎ ተሰማ።

«ምን እያላችሁ ነው?» አለ መምህሩ። አንዱ ተረጎመለት።

«በገዛ ልጃችሁ ላይ ነው የምትጸልዩት?»

«እንዲታይ ነው» አለችው በዛወርቅ። ዓይኗ ከስክሪኑ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ አሚን ቤት የታየው ነገር ቦንጋ ውስጥ ታይቶ አያውቅም። ሰማያዊዎቹ ኳስ ሲይዙ የማንኪራ ሰው ወደፊት ያዘነብላል፤ የኢዮሲያስ ክለብ ሲነጥቃቸው «አይ» ብሎ ወደኋላ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሰማያዊዎቹ የማዕዘን ምት አገኙ፤ ብዙ ሰው ተደበላለቀ፤ ቢጫው ልጅ ዘሎ በቡጢ አወጣት፤ ግን ከሩቅ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። «ጀርባው ወፍሯል» አለች በዛወርቅ። የአርሴናል ደጋፊዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ እነሱም ሳያስቡት ሰማያዊዎቹን መደገፍ ጀመሩ። ሰውን የተቀመጠበት ወንበር ይስበዋል።

በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ አንድ ሰማያዊ ከሩቅ ዝም ብሎ መታት። ደካማ ኳስ ነበረች፤ መሬት ለመሬት፣ ሕፃን የሚይዛት። ኢዮሲያስ በርከክ አለ፣ ሁለት እጁን አዘጋጀ፣ ኳሷ በእጆቹ መካከል፣ ከዚያም በእግሮቹ መካከል አልፋ ቀስ እያለች ገባች።

መምህር ፍቃዱ ጭንቅላቱን ያዘ። ያን ጊዜ ካሜራው መጣ።

መጀመሪያ ከፊት ለፊት መጣ፣ ስክሪኑን ሞልቶ። ጺም አብቅሏል። አንገቱ ሰፍቷል። ከግራ ቅንድቡ በላይ እሷ የማታውቃት ጠባሳ አለች። የታችኛውን ከንፈሩን ነክሷል፣ አባቱ ሲናደድ እንደሚያደርገው አድርጎ። ከዚያ ኳሷ እንደገና ስትገባ በዝግታ አሳዩዋት፤ ከዚያ እሱን ከጎን አሳዩት፤ ከዚያ ከጎሉ መረብ ጀርባ፤ ከዚያ እንደገና ፊቱን። አራት ጊዜ። በዛወርቅ ተነስታ ስክሪኑ ሥር ሄዳ ቆመች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ኢዮሲያስ ነው» አሉ ጋሽ ቢሻው ከኋላዋ። «ቁርጥ አባቱን ከፈለኝን።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ቆርቆሮው ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ እልል አሉ፣ አጨበጨቡ፣ በመካከላቸውም ልጁ በስክሪኑ ላይ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ ተንበረከከ።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ። ሰው ሲወጣ መምህር ፍቃዱ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያ ጎል የእሱ ጥፋት ነው። እስከ ነገ በየስልኩ ይዞራል፤ አገር ይስቅበታል። ይዘኑለት።»

አስቀድማ ብታውቀውም ያን ጊዜ ነው ክብደቱ የወረደባት። እግዚአብሔር የለመነችውን ሰጣት፤ ከየት ቆርሶ እንደሰጣት አላየችም ነበር። ልጇ አራት ዓመት የጠበቀውን ቀን እሷ በጸሎት አበላሸችበት። ደግሞም ታውቀዋለች፤ አልተሰለፍኩም ብሎ ሦስት ዓመት ያኮረፈ ልጅ፣ ተሰልፎ ከተዋረደ ስንት ዓመት ያኮርፍ ይሆን? ፈራች።

ስልኩ የጮኸው ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ሰዉ ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ከበባት።

«አየሽኝ?» አለ ኢዮሲያስ።

«አየሁህ።»

«ጎሏንም አየሻት?»

«አራት ጊዜ።»

«በቃ፣ እማዬ። እንዲህ ሆኜ ቦንጋ አልገባም። ስሰለፍ እመጣለሁ ያልኩት ሰው ሆኜ ነው እንጂ መሳቂያ ሆኜ አይደለም።»

በዛወርቅ ቆመች። ሰዉም አብሯት ቆመ። መዋሸት ትችል ነበር፤ ምንም አላየንም፣ መብራት ጠፋ ብትለው ያምናታል። አልፈለገችም።

«ጎሏን ያስገባሁብህ እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እኔና ማንኪራ። ያንተዎቹ ሲበልጡ ካሜራው አንተ ጋ አልመጣ አለን። እነዚያኞቹ ይምጡ ብለን ጸለይን። ጋሽ ቢሻው ቆባቸውን አውልቀው ጸለዩ። መጡ፣ ገባችብህ። ፊትህ ሲመጣ እልል አልን።»

«ጎል ገብቶብኝ እልል አላችሁ?»

«እልል አልን። ባትሳሳት ኖሮ አንድ ባልዲ ማር ከፍዬ የሰው ልጆች ሲሮጡ አይቼ እመለስ ነበር።» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «ስማኝ፣ ኢዮሲያስ። ያ ካምፓኒ እንኳ ስከፍለው አሳየኝ። ሦስት ዓመት ፊትህን የከለከልከኝ አንተ ነህ። ለአንተስ ስንት ልክፈል ብዬ ልጠይቅህ?»

ሠላሳው ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጺሜን አየሽው?» አለ በመጨረሻ፤ አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማት።

«አየሁት። አላማረብህም።»

«ሊጉ ከነገ ጀምሮ አሥር ቀን ይቋረጣል» አለ። «ነገ ማለዳ ከተነሳሁ ሰኞ ቤት እገባለሁ።»

«ሰኞ» አለች በዛወርቅ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምርበት ስልኩን ራሷ ዘጋችው።